ለሐኪሙ የካድኩት ምድጃ

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከሳሎናችን

ለውዷ ባለቤቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ደብዳቤ ሲጀመር መጠየቅ ወግ ስለሆነ አይደለም፤ የምሬን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን የደም ማነስ ክኒን ከዛሬ ጀምሮ አትዋጪው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ራሱ ያዘዘልሽ ሐኪም ነው። ፖስታው ውስጥ ያለችውን ወረቀት እዚያ ላለ ሐኪም አሳዪና ደምሽን ይመርምርልሽ። ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ። ታዲያ አደራሽን፣ ዘለሽ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትሄጂ። ልብ ወለድ እንኳ ከመጨረሻው የምትጀምሪ ሰው መሆንሽን ስለማውቅ ነው።

ስልክ እንደማታነሺልኝ አውቃለሁ፤ እውነትሽን ነው። ባለፈው ስደውል እህትሽ «እዚህ ከመጣች ወዲህ ራሷን አሟት አያውቅም» ብትለኝ፣ እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «አየሽ! ክኒኑ ሠራላት!» አልኩ። ለካ አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። ስልኩ ጥርቅም ሲል ያኔውኑ ገባኝ። በስልክ እኔ ሰው አላስጨርስም፤ አንቺ አንድ ቃል ስትጀምሪ እኔ ሦስቱን ጨርሼ እጠብቅሻለሁ። ወረቀት ላይ ግን የማቋርጠው ሰው ስለሌለ እስክሪብቶ አነሳሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልም ታገሺኝ።

ጥፋቴን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከእኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

ያን ጠዋት ኩሽና ውስጥ ስትወድቂ መጀመሪያ የሰማሁት የብርጭቆውን ድምፅ ነው። ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን በሁለት እጅሽ ይዘሻል። ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል። ደግፌ ጤና ጣቢያ አደረስኩሽ። ሐኪሙ፣ ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ የሚፈልገው ልጅ፣ «እቤት ውስጥ እንጨት ወይም ከሰል ታነዳላችሁ?» አለ። የጠየቀው አንቺን ነበር። አፍሽን ልትከፍቺ ስትይ እኔ ቀደምኩሽና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አይ፣ አናነድም» አልኩ። ዞር ብለሽ አየሽኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥርስ ሥዕል ማየት ጀመርኩ። ሐኪሙም የተባለውን አምኖ ደም አንሷታል አለና ክኒን ጻፈ።

ለምን ዋሸሁ? ምድጃውን እወደው ስለነበር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የበረዶ መጋዘን ውስጥ በካፖርት ላይ ካፖርት ደርቤ ሥጋና ዓሣ ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ይህን ቤት የመረጥኩት በምድጃው እንደነበር ታስታውሺያለሽ፤ አንቺ የውሃ ቧንቧውን ስታዪ እኔ ምድጃው ፊት ቆሜ እጄን እዘረጋ ነበር፣ እሳት እንኳ ሳይኖርበት። ሐኪሙ ሲጠይቅ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ምድጃውን የሚወስዱብኝ መሰለኝ። የአንቺን ጤና ሳይሆን የምድጃውን ስም አሰብኩ። ይህን ስጽፈው ሰውነቴ በኀፍረት ይግላል።

አንቺም እቤት ስንደርስ «ምድጃውን ለምን ካድክ?» አልሽኝ። «ምድጃው ምን አደረገሽ? ቁርስ አትበዪም፣ ከዚያ ትወድቂያለሽ» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ቀን አብረን ከረምን። አስራ አንዱንም ጠዋት ራስሽን ይዘሽ ተነሳሽ፤ አስራ አንዱንም ጠዋት ቁርስ ብዪ አልኩሽ። በአስራ ሁለተኛው ሻንጣሽን ይዘሽ እህትሽ ጋ ሄድሽ። ጎረቤታችን ጡረተኛው አስተማሪ «ባለቤትህ የት ሄደች?» ሲለኝ «አየር ልትለውጥ» አልኩት። ሳላውቀው ትክክለኛውን ቃል ነበር የተናገርኩት።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ፤ ጅምሩ ግን ደስ አይልም።

አንቺ ከሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ስነሳ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ሆዴ ይገለባበጣል። ጉንፋን ነው አልኩ። ፍልጥ ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁና ጥቂት ቆየሁ፤ ራሴ ለቀቀኝ። ስገባ ተመልሶ ያዘኝ። ስወጣ ለቀቀኝ። መጋዘን ውስጥ የክፍሎቹን ሙቀት እየዞርኩ እንደምለካው፣ ሦስት ጊዜ ገባሁ፣ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። አስራ አንዱ ጠዋት አንድ በአንድ መጣብኝ። አስተማሪው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ሚስቴን ልገድላት ነበር» አልኩት። ደንግጦ ፖሊስ ልጥራ ሲል አስረድቼው ነው የተረፍኩት። መስኮቱን ሁሉ አብረን ከፈትን፤ የጭስ ማውጫ ጠራጊ የሚያውቀውም እሱ ሆነ።

ጠራጊዋ ሴት ናት። እጅጌዋን ሰብስባ፣ በትከሻዋ ረጅም ብሩሽ ተሸክማ፣ ጣራ ላይ ስትወጣ እንደ ድመት ናት። ታዲያ ምላሷ ከብሩሿ ይብሳል።

«መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው?» አለችኝ።

«እዚህ ከገባን ስድስት ዓመታችን ነው።»

«ስንት ዓመት እንደኖሩ አልጠየቅኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ… አልተጠረገም።»

በባትሪ ወደ ላይ ተመለከተችና «ይሄ ጭስ ማውጫ አይደለም፣ ቆሞ ያለ የሬንጅ መንገድ ነው» አለች። ሁለት ባልዲ ተኩል ጥቀርሻ አወረደች። ብርጭቆ የሚመስል ጥቁር ቅርፊት ፈልጣ እያሳየችኝ፣ ይህ ራሱ አንድ ቀን ቢቀጣጠል ጣራውን ይዞት እንደሚሄድ ነገረችኝ። ቀጥሎ አንድ የወፍ ጎጆ ዱብ አለ። «ይቺ ደግሞ ተከራያችሁ ናት» ብላ ጋዜጣ ላይ አስቀመጠችው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

ከዚያ የእንጨት ክምሬን ልታይ ወጣን። የምኮራበት ክምር! አንዱን አነሳች፤ «ቺፑድ፤ ሙጫ ነው የሚያነዱት።» ሌላውን አነሳች፤ «ቀለም የተቀባ የመስኮት ፍሬም።» ሦስተኛውን በእጇ መዘነችና «ይሄ ደግሞ ገና ያለቅሳል» አለች። እርጥብ ነው ማለቷ ነው። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጭታ አሰማችኝ፤ የደረቀው ቋ ይላል፣ እርጥቡ ዱም ብሎ ዝም። ከተፈለጠ በኋላ አንድ ዓመት ተሸፍኖ ነፋስ ማግኘት አለበት፤ ጫፉ ሲሰነጣጠቅ ደርሷል ማለት ነው። አሁን መንገድ ላይ እንጨት ባየሁ ቁጥር እያጋጨሁ ነው የማልፈው፤ ሰዉ አብዷል ይለኛል።

ዋናው ጉድ የፈላው ግን ስንመለስ ነው። የጭስ ማውጫውን የብረት መዝጊያ እየነካካች «ይቺን መቼ ነው የሚዘጓት?» አለች።

«ልተኛ ስል። ሙቀቱ እንዳይወጣ።»

«ፍሙ ከጠፋ በኋላ?»

«ፍሙ እያለ ነው እንጂ! ከጠፋማ በኋላ ምን ሙቀት ቀረና?»

ብሩሿን መሬት አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ከእርስዎ ጋር ማን ይኖራል?»

«ባለቤቴ። አሁን እህቷ ጋ ናት።»

«እሰይ! እንኳን ሄደች!» አለች፤ በዚህ ዕድሜዬ ሚስትህ እንኳን ሄደች የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። «ፍም ጭስ ስለሌለው ነው የዋህ የመሰለዎት። ሲከድኑት የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ጥሩ እንቅልፍ ወሰደኝ ይላል፣ በዚያው ይቀራል።»

ነገሩ ከየት እንደመጣ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። መጋዘን ውስጥ በር ክፍት ጥሎ መሄድ ከስርቆት አይተናነስም ነበር፤ «በር!» ብሎ የሚጮህ አለቃ ሠላሳ አራት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ኖሯል። ክፍት የሆነ ነገር ሳይ እጄ ራሱ ይሄዳል። አንቺ የምታነቢውን መጽሐፍ እንኳ ስንት ጊዜ ዘግቼብሽ ገጹ ጠፍቶሻል። ብርድን ሳስር የኖርኩበትን ዘዴ ሙቀት ላይ አመጣሁትና አንቺን አሰርኩበት። ጠራጊዋ ይህን ስነግራት መዝጊያዋ ላይ አንድ ብሎን አስገብታ አጠበቀችው። ከእንግዲህ እጄ ቢሄድም ሙሉ በሙሉ አትዘጋልኝም።

«ሦስት ቀን ያጥኑ፤ መጥቼ እፈትንዎታለሁ» ብላኝ ሄደች። የእውነቷን ነበር! ደረቅ ፍልጥ ከራሷ ግቢ አምጥታ መጣችና ያንቺ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አጣመረች።

መስኮቱን በጣት ስፋት ከፈትኩ፤ እሳቱም እንደኛ አየር ይፈልጋል። ጋዜጣ ጠቅልዬ ለኩሼ ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስጠጋሁት፤ ቀዝቃዛው አየር እንዲሞቅና ጭሱን ወደ ላይ እንዲስብ ነው። ጭራሮውን ደረደርኩ፤ ተያያዘ። እስከዚህ አንደኛ ነበርኩ። ከዚያ ደስታው አሰከረኝና ስድስት ፍልጥ በአንድ ጊዜ ጫንኩበት። እሳቱ ታፈነ፤ ጭሱ ዞሮ ወደኛ። አስተማሪው በመስኮት አይቶ ኖሮ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ ዘው አለ። ጠራጊዋ «ውሃ አይደለም! ጡቡ ይሰነጠቃል!» ብላ ስትጮህ እግሩን ተክሎ ቆመ፤ ውሃው ግን አልቆመም። ከራሴ እስከ ጫማዬ በሰበስኩ። ጠራጊዋ ሳቀች፣ አስተማሪው ሳቀ፣ እኔም ውሃው ከአገጬ እየተንጠባጠበ ሳቅኩ። አንቺ ከሄድሽ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ፤ ከሁላችን በላይ የምትስቂው አንቺ ነበርሽና።

በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ትንሽ እሳት፣ ግን ብሩህ የሆነ። ታፍኖ ከሚጨስ ትልቅ እሳት ይልቅ እሱ ይሞቃል፤ ጭስ ማውጫውንም አያቆሽሽም። የምትተኚው ፍሙ ራሱ አልቆ ሲከስም ብቻ ነው። ለዚያም ስል ገና በጊዜ እንጨት መጨመር አቆማለሁ። እኔ፣ ከምድጃ ፊት በጉልበት እንኳ የማልነሳው ሰውዬ!

ቤቱን ብታዪው አታውቂውም። ምንጣፍሽን ከምድጃው አፍ አርቄዋለሁ፤ ፊቱ ላይ ሸክላ ተነጥፏል፣ ብልጭታ እንዳይዘል የሽቦ መከለያ ቆሟል። ካልሲዬን እዚያ ማድረቅ ትቻለሁ፤ ይህን ሳታዪ እንደማታምኚ አውቃለሁ። አመዱን ያኔ በካርቶን አድርጌ በረንዳ ላይ አስቀምጬ አልነበር? ለቀናት ውስጡ እሳት እንደሚይዝ ሲነገረኝ ሮጬ አነሳሁት። አሁን ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ ሆኖ፣ ከግድግዳ ርቆ ሲሚንቶው ላይ ይከርማል። ያን የማይሸት ጋዝ የሚጠቁም ደወልም ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤታችን አጠገብ ነው። ቁልፉን ተጭኜ ስሞክረው ያወጣው ጩኸት አያድርስ ነው። አስተማሪው አሁንም እየሮጠ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ባልዲ ሳይሆን አንድ እግር ጫማ ነበር የያዘው።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ሥራ ነበር። የቀረኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ሁለት ጊዜ እበሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ትናንት ገባሁ።

«ባለፈው ጠይቀኸን ዋሽቼሃለሁ» አልኩት ሐኪሙን። «ምድጃ አለን። መዝጊያውንም ፍም እያለ ነበር የምዘጋው።»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። «ለምን ዋሹኝ?»

«አፈርኩ። የምወደው ነገር አሳመማት ማለት ከበደኝ።»

«ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ቤት ውስጥ ቆየች?» አለኝ። አስራ አንድ አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ፣ እኔ እኮ ለሌለ በሽታ መድኃኒት ሰጥቼአት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ክኒኑን እንድታቆሚ፣ ደምሽ በደንብ እንዲታይ፣ በካርድሽም ላይ እውነተኛው ነገር እንዲጻፍ አደረገ። የላክሁልሽ ወረቀት ግልባጩ ነው። «ባለቤታቸው በሰጡት የተሳሳተ መልስ ምክንያት» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት። እንዲጽፈው የለመንኩት እኔ ነኝ።

ለእህትሽም ደም አንሷት ነው ብዬ ነግሬያታለሁና ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። እሷ ፊት ቆሜ ውሸቴን ነበር እላለሁ። ሻንጣሽን ልሸከም አይደለም የምመጣው። የራቅሽው ከጭሱ ከሆነ ጭሱ መንገዱን አግኝቷል። የራቅሽው ከእኔ ከሆነ ግን ለእኔ ብሩሽ ይዞ የሚመጣ ጠራጊ የለም፤ ራሴ ነኝ የምሠራው፣ ጀምሬያለሁም። መቆየት ብትፈልጊ ቆዪ፤ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ናፍቀሽኛል። ይህን በስልክ ያልኩሽ አይመስለኝም፤ ስለ ክኒን ሳወራ ረሳሁት። ቤቱ ሞቋል፣ እኔ ግን ብቻዬን መሞቅ አላውቅበትም።

ፈጣሪ ጤናሽን ሙሉ ያድርግልሽ። የምትተነፍሽው አየር ንጹሕ፣ እንቅልፍሽ ደግ፣ ጠዋትሽ ራስ ምታት የሌለበት ይሁን። እህትሽን ሳሚልኝ፤ አስተማሪውም ሰላም ብሎሻል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከጤና ጣቢያው ልወጣ ስል ሐኪሙ «ለመሆኑ ባለቤትዎ ተመልሳ ትመጣለች?» አለኝ። «አዎ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አንቺ እንኳ ሳታውቂ። አፌን ያዝኩ። «እኔ አላውቅም» አልኩት፤ «እሷን መጠየቅ ነው።»

ይኸው፣ እየጠየቅኩሽ ነው። ትመጫለሽ?

ባለቤትሽ